እንዴት ይሠራል? ውኃ የምትቆጥብ፣ ወተት የምታስለቅቅ እጢ

ሐርተሼክ ወንዝ የላትም፤ ምንጭም የላትም። ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቀብሪበያህ በኩል 70 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የሚደርስባት ይህች የድንበር ከተማ የተቀመጠችው ሐውድ በሚባለው ደረቅ ሜዳ ላይ ነው። የሐውድ ሰው የሚጠጣው ከሰማይ የወረደውን ነው። ጉድጓድ ይቆፍራል፣ በሲሚንቶ ይለስነዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉን ያስገባበታል። ብርካ ይሉታል። ጅላል ሲበረታ፣ የበጋው ፀሐይ ወራት ሲቆጥር፣ ብርካው ይጎድላል፤ የውኃ ዋጋ ይወጣል፤ የግመሉም ወተት ይቀንሳል። የቤቱ ሒሳብ በሁለት ነገር ይያዛል፤ በውኃና በወተት።

በሰውነታችን ውስጥም እነዚህን ሁለቱን የምታዝዝ አንዲት እጢ አለች። ከአፍንጫ ወደ ኋላ፣ ከአንጎል ሥር፣ የራስ ቅል ወለል ላይ ባለች ትንሽ የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ትቀመጣለች። ፒቱታሪ ትባላለች። መጠኗ ከሽምብራ አይበልጥም፤ ክብደቷ ግማሽ ግራም አካባቢ ነው። ከኋለኛው ክፍሏ ሁለት ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቀቃሉ። አንደኛው ቫሶፕሬሲን ነው፤ ኩላሊት ውኃ እንዲቆጥብ ያደርጋል። ሁለተኛው ኦክሲቶሲን ነው፤ ጡት ወተት እንዲለቅ ያደርጋል። ሁለቱም እያንዳንዳቸው ከዘጠኝ አሚኖ አሲዶች የተሠሩ ናቸው፤ የሚለያዩትም በሁለቱ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ቪንሰንት ዱ ቪኞ አወቃቀራቸውን ደርሶበት በላቦራቶሪ ሠራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ሆርሞን ስንል አንድ እጢ ሠርቶ ወደ ደም የሚለቀውን፣ ራቅ ብሎ ያለ ሌላ የአካል ክፍል ሥራውን እንዲለውጥ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ማለታችን ነው። ነርቭ መልእክቱን በቅጽበት አድርሶ ያበቃል። ሆርሞን ዘግየት ይላል፤ ሥራው ግን ደቂቃዎች፣ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይቆያል። ሰው ከተናደደበት ጉዳይ ወጥቶም ወዲያው የማይረጋጋው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ጥማትን እንመልከት። አንድ ሰው ጀሪካን ይዞ በፀሐይ ሲሰለፍ ላብ ይወጣዋል። ላቡ ከጨው ይልቅ ውኃ ስለሚበዛበት ደሙ ውስጥ የሚቀረው ጨው ይወፍራል። ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ይህን የሚለኩ ሕዋሳት አሉ፤ ደሙ ሲወፍር ውኃቸው ወደ ውጭ እየወጣ ይጨማደዳሉ። ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ለውጥ ይበቃቸዋል። ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው ጥማት ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለተኛው የማይታየን ነው፤ ፒቱታሪ ቫሶፕሬሲን ትለቃለች፣ ኩላሊት ወደ ሽንት ሊሄድ የነበረውን ውኃ መልሶ ወደ ደም ያስገባል። ሽንቱ ይቀንሳል፤ ቀለሙ እንደ ሻይ ይጠቁራል። የሽንት ቀለም ያለ መሣሪያ ከሚነበቡ ጠቃሚ የሰውነት ምልክቶች አንዱ ስለሆነ፣ እናቶች የልጆቻቸውን ቢመለከቱልኝ እወዳለሁ።

ግመል በዚህ ረገድ ከሁላችን ትበልጣለች። ሰው ከክብደቱ አንድ አሥረኛ የሚሆን ውኃ ቢያጣ ለሞት ይቃረባል፤ ግመል ሩቡን አጥታ ትራመዳለች። ሽንቷን እጅግ አወፍራ ትሸናለች፣ የሰውነቷን ሙቀት በቀን ከፍ እንዲል ትተዋለች፣ ውኃ ስታገኝ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ከ100 ሊትር በላይ ትጠጣለች። እኛ እንዲህ አልተፈጠርንም።

ጥማት ከጠባይ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ቫሶፕሬሲን የሚሠራው ኩላሊት ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወሬው በሽንት ያበቃ ነበር። ነገር ግን ያው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥም ይሠራል፤ ኮርቲዞል የተባለውን የውጥረት ሆርሞን የሚያስለቅቀውን መሥመር ያበረታል። ስለዚህ የተጠማ ሰው ሰውነት፣ ገና ምንም ሳይደርስበት፣ ለድንጋጤ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ሊቨርፑል ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ጥናት፣ በየቀኑ ጥቂት ፈሳሽ የመጠጣት ልማድ ያላቸው ወጣቶች በሚያስጨንቅ ፈተና ፊት ሲቆሙ በደንብ ከሚጠጡት ይልቅ ኮርቲዞላቸው አብልጦ ጨምሯል፤ ጭንቀቱና የልብ ምታቸው ግን ከሌሎቹ የተለየ አልነበረም። ቀደም ብሎ በአሜሪካ በወጣት ሴቶች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም ከሰውነት ክብደት 1 በመቶ ከፍ የሚል የውኃ ጉድለት ብቻውን ስሜትን እንደሚያበላሽ፣ ራስ እንደሚያሳምምና ሥራን ከባድ እንደሚያስመስል አሳይቷል።

ብርካ ዳር የሚነሣ ጠብ ሁሉ የሆርሞን ነው አልልም። ውኃው በእውነት አልበቃም፤ ወረፋው በእውነት ተዘሏል። ግን ሁለቱ ተጣዪዎች የመጡት ሰውነታቸው አስቀድሞ ተነሥቶ ነው። ሽማግሌ ሊያስታርቅ ሲቀመጥ መጀመሪያ ውኃ ወይም ሻይ ማቅረቡ ከወግም በላይ ጥቅም አለው።

አሁን ወደ ፍርሃት። ግንቦት 1980 ዓ.ም. የሰሜን ሶማሊያው የእርስ በርስ ጦርነት ሐርጌሳ ከተማ ገባ። የዚያድ ባሬ መንግሥት የገዛ ከተማውን በአውሮፕላን ደበደበ፤ ሕዝቡ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። ሐርተሼክ የተባለው ሜዳ የድንኳን አገር ሆነ። በኋላም 250,000 ያህል ስደተኞችን ይዞ በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ ትልቁ የስደተኞች ጣቢያ ለመባል በቃ።

ቦምብ የወደቀበት ሰው ውስጥ በዚያች ቅጽበት ምን ይሆናል? ጆሮው የሰማውን አንጎል ገና ሳያመዛዝነው፣ ከእያንዳንዱ ኩላሊት ጫፍ ላይ ያለው አድሬናል የሚባለው እጢ በነርቭ ትእዛዝ አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃል። በሰከንዶች ውስጥ ልብ ይፈጥናል፤ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ይለቃል፤ ደም ከሆድና ከቆዳ ተነሥቶ ወደ እግር ጡንቻ ይሄዳል። ፊት የሚገረጣው፣ አፍ የሚደርቀው፣ ሆድ የሚላወሰው ለዚህ ነው። ሕፃን ያዘለች እናት በጤና ጊዜ የማትችለውን መንገድ ትሮጣለች፤ የቆሰለ ሰው ቁስሉን የሚያውቀው ካረፈ በኋላ ነው። ይህን ሆርሞን ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ እ.ኤ.አ. በ1901 ለይቶ አውጥቶታል፤ አሜሪካዊው ዋልተር ካነን ደግሞ ሰውነት ለመዋጋት ወይም ለመሸሽ የሚሰናዳበት መንገድ መሆኑን በ1915 በመጽሐፉ አስረድቷል።

አድሬናሊን ዕድሜው አጭር ነው። በደም ውስጥ ያለው በጥቂት ደቂቃዎች ይጠፋል። ከኋላው ሁለተኛው ይከተላል። ሃይፖታላመስ ፒቱታሪን ያዝዛል፣ ፒቱታሪ በደም አድርጋ አድሬናልን ታዝዛለች፣ አድሬናል ኮርቲዞል ይለቃል፤ ከድንጋጤው በኋላ ወደ ግማሽ ሰዓት ሲጠጋ ጣሪያው ይደርሳል። ሥራው የወጣውን ስኳር መተካት፣ እብጠትን ማብረድ፣ ያየነውን አደጋ በማስታወሻችን ላይ አጥብቆ መጻፍ ነው። የዚያን ቀን ሽታና ድምፅ ከ30 ዓመት በኋላ የሚያስታውስ ሰው ጠዋት የበላውን የሚረሳው ስለዚህ ነው። ኮርቲዞል ሲበቃው ራሱ ወደ አንጎል ተመልሶ «ይብቃ» ይላል፤ ሃይፖታላመስም ዝም ይላል። በጤናማ ሰው ይህ በየቀኑ ያለ ፍርሃትም ይሠራል፤ ጠዋት ስንነቃ ኮርቲዞል ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል።

ችግሩ የሚጀምረው ያ «ይብቃ» የሚለው ቃል የማይሰማበት ኑሮ ሲመጣ ነው። ሐርተሼክ ከቦምብ አድናለች፤ በጭንቀት ከመጠባበቅ ግን አላዳነችም። ውኃ በቦቴ መኪና ከሩቅ ይመጣ ነበር፤ ቦቴው ይመጣል ወይ? ራሽኑ ይበቃል ወይ? የቀሩት ዘመዶች በሕይወት አሉ ወይ? ጣቢያው የተዘጋው 1996 ዓ.ም. ላይ ነው፤ 16 ዓመት ማለት ነው። ከአንበሳ ለመሸሽ የተሰናዳ ሰውነት ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ሌላ መልስ የለውም፤ ያንኑ ኮርቲዞል ደጋግሞ ያፈሳል። ሲቆይ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ የደም ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ ቁስል ለመዳን ይዘገያል፣ የሴቷ ወር አበባ ይዛባል፣ ትዕግሥት ያጥራል። ደግሞም በብዙ መከራ ያለፉ አንዳንድ ሰዎች ላይ ተቃራኒው ይታያል፤ ኮርቲዞላቸው ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ ድንጋጤያቸው ግን ስል ሆኖ ይቀራል፤ በር ሲጋጭ ይዘላሉ። ሰፈሩ «ቀልቡ ተገፏል» ይላቸዋል። ሰነፍ ወይም ክፉ ሆነው አይደለም።

መድኃኒቱ ከፊሉ በዚያው በድንኳኑ ውስጥ ነበር። አብሮ መብላት፣ አብሮ መጸለይ፣ ጎረቤት ልጅ ተቀብሎ እናቲቱን ለአንድ ሰዓት ማስተኛት፣ ይህ ሁሉ የውጥረቱን መሥመር ያረግባል። ብቻውን ፈተና ፊት የቆመ ሰውና ወዳጁ ከጎኑ ያለ ሰው ኮርቲዞላቸው እኩል እንደማይነሣ በብዙ ጥናት ታይቷል። በሱማሌ ቤት አንድን ሰው ብቻውን ትቶ ማስተከዝ ነውር መሆኑን ሳስብ፣ ይህ ወግ ስንት ሰው እንዳዳነ ይታየኛል።

ስለ ጫት አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር የጅግጅጋ አንባቢ ይታዘበኛል። ከአወዳይ በኩል የሚመጣው አይሱዙ እንደዚያ የሚበርረው ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ስለሚበላሽ ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ወደ ደከመ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ካቲኖን ከነርቭ ጫፎች ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያስለቅቃል። ኖርአድሬናሊን የአድሬናሊን ወንድም ነው። ስለዚህ ምርቃና ማለት፣ ወሬው ቢጥምም፣ ሐሳቡ ቢሰፋም፣ ሰውነት በኩል ሲታይ የሚያስደነግጥ ነገር በሌለበት የተነሣ የማንቂያ ደወል ነው፤ ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል፣ ራብ ይጠፋል። ማታ እንቅልፍ እንቢ ይላል፤ ሲተኛም ዱካክ ይመጣል። በጦርነትና በስደት አስቀድሞ የተነካ ሰው ላይ ይህ ሲጨመር አእምሮ ይታመማል፤ ሐርጌሳ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቀደም ብሎ መጀመርና አብዝቶ መቃም ከከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ለመርሳት ብሎ የሚቅም ሰው ሊያስተኛው የሚገባውን እጢ እየቀሰቀሰ ነው።

ወደ ወተቱ እንመለስ። ሐርተሼክ አካባቢ ግመል ሲታለብ ያየ ሰው የኦክሲቶሲንን ትምህርት በዓይኑ አይቷል። ግመል እንደ ላም በጡቷ ቋት ውስጥ ብዙ ወተት አታጠራቅምም፤ አብዛኛው ያለው ከላይ፣ በጥቃቅን የወተት ከረጢቶች ውስጥ ነው። ስለዚህ አላቢው ቢጎትት ቢጎትት ምንም አያገኝም። መጀመሪያ ግልገሉን ያመጣል። ግልገሉ እናቱን ያሸታል፣ ይጠባል። የጡቱ ጫፍ ስሜት በነርቭ ወደ አንጎል ይደርሳል፣ ፒቱታሪ ኦክሲቶሲን ትለቃለች፣ በከረጢቶቹ ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፣ ወተቱ ይወርዳል፤ ጡቱም ሲወጠር ይታያል። ይህ የሚቆየው ሁለት ደቂቃ ቢሞላ ነው። አላቢው ግልገሉን ሳብ አድርጎ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ዕቃውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የሚቸኩለው ለዚህ ነው። ብዙዎች ሁለቱን ጡት ለሰው፣ ሁለቱን ለግልገል ይተዋሉ። ግልገሉ ከሞተ ቆዳውን ለእናቱ ያቀርቡላታል፤ ሽታው ብቻ ወተቱን የሚያወርድላት ግመል አለች። እንግዳ ሰው ቢቀርብ፣ ውሻ ቢጮህ ግን ትይዘዋለች። ወተቱ አልጠፋም፤ አድሬናሊን በሩን ዘግቶበታል። የጡቱን የደም ሥር ያጠብባል፣ ከአንጎልም የኦክሲቶሲኑን መለቀቅ ይገታል።

የሰው እናትም በዚሁ ሕግ ሥር ናት። እ.ኤ.አ. በ1948 ኒውተን የተባሉ ባልና ሚስት ይህን በአንዲት እናት ላይ ፈትነዋል። ስታጠባ እግሯን በረዶ ውኃ ውስጥ እያስነከሩ፣ ሒሳብ እየጠየቁ ሲያስጨንቋት ሕፃኑ ያገኘው ወተት ቀነሰ። በዚያው ጭንቀት ውስጥ ሆና የፒቱታሪ ሆርሞን በመርፌ ሲሰጣት ግን ወተቱ ወደ ነበረበት ሊደርስ ተቃረበ። ወተቱ ከመጀመሪያውም ነበረ ማለት ነው።

የስደተኛ እናት፣ የድርቅ እናት «ወተቴ ደረቀ» ስትል አምናታለሁ፤ የምታየውን ነው የምትናገረው። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ወተቱ አልደረቀም፤ የሚያወርደው ሆርሞን ነው የተያዘው። ወተት የሚሠራው ፕሮላክቲን የሚባል ሌላ የፒቱታሪ ሆርሞን ሲሆን እሱን የሚቀሰቅሰው የሕፃኑ መጥባት ራሱ ነው። ሕፃኑን ከጡት ነጥሎ ዱቄት ወተት መስጠት ያንን ቅስቀሳ ያቆመዋል፤ ያን ጊዜ በእውነት ይደርቃል። ዱቄቱም የሚበጠበጠው በዚያው በጎደለ ብርካ ውኃ ነው፤ ተቅማጥ ይከተላል። እናቲቱን ከሰልፍ አውጥቶ ጥላ ሥር ማስቀመጥ፣ የምትጠጣውን ማቅረብ፣ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ቶሎ ቶሎ ማስጠባት ይሻላል። ሱማሌዎች አራስን አርባ ቀን ከቤት አያስወጡም፤ ደገኞቹም አራስ ቤት ገንፎና አጥሚት እያቀረቡ ይንከባከባሉ። ሁለቱም ሆርሞን የሚባል ነገር ሳይሰሙ አድሬናሊንን ከአራስ ደጃፍ አርቀዋል።

እንቅርት እጢ፣ ታይሮይድ፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። የምታዝዘው ያችው ፒቱታሪ ናት። ሆርሞኑ ሲበዛ ሰው ይከሳል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይነጫነጫል፤ ሲያንስ ይቀዘቅዘዋል፣ ይከብደዋል፣ ሐሳቡ ይዘገያል። ለመሥራት አዮዲን ያስፈልገዋል። በኢትዮጵያ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት የሚያዝዝ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል፤ ጨው ስትገዙ ከረጢቱ ላይ አዮዲን የሚል መኖሩን ተመልከቱ።

በመጨረሻ፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ነገር አለ። በነፍሰ ጡር ሴት ፒቱታሪ ታድጋለች፤ የሚደርሳት ደም ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ከፈሰሳትና ግፊቷ ከወረደ እጢዋ ደም አጥታ ልትሞት ትችላለች። ሴትየዋ ትተርፋለች፤ እጢዋ ግን አትተርፍም። ይህን ሕመም ሃሮልድ ሺሃን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1937 ገልጾታል፤ በስሙም ይጠራል። በቤት መውለድ በበዛበትና ሆስፒታል በራቀበት አገር ይህ ሕመም እንግዳ አይደለም። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ወተት ጨርሶ አይመጣም። ወራት አልፈው የወር አበባ አይመለስም። የብብትና የሰውነት ፀጉር ይረግፋል። ሰው ሁሉ ሲሞቀው እሷን ይበርዳታል፤ ስትነሣ ያዞራታል፤ ጠዋት ከአልጋ መውረድ ተራራ ይሆንባታል። ኮርቲዞሏም ታይሮይዷም ዝቅ ብለዋልና ትንሽ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሲይዛት እንደ ሌላው ሰው መቋቋም አትችልም፤ በድንገት ልትወድቅ ትችላለች። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ሰነፍ ይላታል፣ ዓይን አገኛት ይላል፣ አንዳንዴም ባል ሌላ ያገባባታል።

ይህች ሴት በክኒን ትኖራለች፤ በሰውነቷ ያልተሠራውን ኮርቲዞልና የታይሮይድ ሆርሞን የሚተኩ ክኒኖች አሉ፣ በየቀኑ ሲወሰዱ ወደ ሥራዋና ወደ ልጆቿ ይመልሷታል። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ በወሊድ ብዙ ደም ፈሷት የነበረች፣ ወተት ያልመጣላትና ከዚያ ወዲህ ጉልበቷ ያልተመለሰ እናት ካለች ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ፤ «ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ነበር» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ለሐኪሙ ንገሩ፤ ወደ ጅግጅጋ ሪፈር ከተጻፈላትም አታዘግዩአት።